መጥቶ መቆየት፦ የጣና ዳር ትንንሽ ማኅበራት ታሪክና የዛሬው አገልግሎታችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝ በአንድ እሑድ ያየሁት ነገር ነው። ከባሕር ዳር ወጣ ብላ በጣና ዳርቻ በምትገኝ አንዲት ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን በዚያ ዕለት ቅዳሴ ሳይቀደስ ቀረ። ደወሉ ተደውሏል፤ በቤተ ልሔም ኅብስቱ ተዘጋጅቷል፤ ምእመናንም ነጠላቸውን አጣፍተው ገና ሳይነጋ መጥተዋል። የጎደለው አንድ ዲያቆን ብቻ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን፥ ማለትም ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ከሦስቱ ዲያቆናት አንዱ ትምህርቱን ለመቀጠል ከተማ ገብቶ ነበርና አራቱ ቆመው አምስተኛውን ጠበቁ፤ አምስተኛውም አልመጣም።

እኛ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። የድምፅ ማጉያ፥ የመዝሙር አልባሳትና የጉባኤ መርሐ ግብር ይዘን፥ ሠላሳ ያህል ሆነን በመኪና ሄድን። ጉባኤውም መልካም ነበር። ከጉባኤው በኋላ ግን በዚያች ደብር ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያገለገሉ አንድ አረጋዊ የኔታ ወደ እኔ ቀርበው፥ «ልጄ፥ ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ዲያቆናት አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን የኔታ፥ ሦስት አሉ» አልሁ። አረጋዊው ጥቂት ዝም ብለው፥ «እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ መጥታችኋል። ቅዳሴው ግን ጧት ነበር» አሉኝ።

በክህነት ሕይወቴ ገና ወጣት ነኝ፤ ብዙ ተግሣጽም ሰምቻለሁ። እንዲህ በትሕትና የተነገረና እንዲህ የቆረጠኝ ቃል ግን አላስታውስም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ አንድ ጥያቄ አብሮኝ ይሄዳል፤ ይህን የጣናን አካባቢ በወንጌል ያበሩት አባቶችና እናቶች በእጅጉ ጥቂቶች ነበሩ፤ መኪናም ድምፅ ማጉያም አልነበራቸውም። ታዲያ በምን ሠሩት? መልሱን ፍለጋ ወደ ታሪኩ እንመለስ። (ከዚህ በታች እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት የሌላቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሀ. ከሐይቅ ወደ ጣና

ስለ ጣና ገዳማት ሲነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ቅርሱ ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው የነገሥታት ዐፅም፥ በክብራን ገብርኤል የነበረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተዘጋጀ ባለ ሥዕል ወንጌል፥ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ፥ በጣና ቂርቆስ ስለ ታቦተ ጽዮን ሲነገር የኖረው ትውፊት፥ ይህ ሁሉ ሊነገርለት የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ቅርስ ፍሬ ነው፤ ፍሬውን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ዘሩን ማን እንደ ዘራው አይጠይቅም። ዘሩን የዘሩት በመጀመሪያ ዘውድም ብራናም ያልነበራቸው፥ በጣት የሚቆጠሩ መነኮሳት ናቸው።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በወሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳማቸውን የትምህርት ቤት አድርገው ነበር። ከዚያ የወጡ ደቀ መዛሙርት በየአቅጣጫው ተበትነው ገዳማትን መሠረቱ። በገዳማቱ ትውፊት እንደሚነገረው የዳጋ እስጢፋኖስ መሥራች አቡነ ኂሩተ አምላክ ከእነዚህ ደቀ መዛሙርት አንዱ ናቸው። በሐይቅ መካከል ባለ ገዳም የተማሩት አባት በሌላ ሐይቅ መካከል ሌላ ገዳም ሲመሠርቱ የመምህራቸውን ገዳም የቅዱስ እስጢፋኖስን ስም መስጠታቸው ይህን ዝምድና የሚያስታውስ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው የስብከት መንገድ ይህ ነበር፤ መምህሩ ደቀ መዝሙሩን ያሳድጋል፤ ደቀ መዝሙሩም ሄዶ መምህር ይሆናል።

በጣና ትውፊት «ሰባቱ ከዋክብት» ተብለው የሚጠሩ ቅዱሳን አባቶች አሉ። አቡነ ያሳይ ዘመንዳባ፥ አቡነ በትረ ማርያም ዘዘጌ፥ አቡነ ዘካርያስ ዘገሊላ፥ አቡነ ታዴዎስ ዘደብረ ማርያም፥ አቡነ ያፍቅረነ እግዚእ ዘጉጉቤን ከሚጠሩት ስሞች መካከል ናቸው። ስማቸውን አስተውሉ፤ እያንዳንዱ ስም ከአንድ ቦታ ጋር ተጣምሯል። ዘመንዳባ፥ ዘዘጌ፥ ዘገሊላ፥ ዘጉጉቤን እየተባሉ ይጠራሉ። የትውልድ አገራቸው ሌላ ነው፤ ከእነርሱ መካከል ከሸዋም ከትግራይም የመጡ አሉ። ቤተ ክርስቲያን የምታስታውሳቸው ግን በመጡበት ሳይሆን በቆዩበት ቦታ ነው። አንድ አባት በአንድ ደሴት ስም እስኪጠራ ድረስ በዚያ መኖር፥ መጸለይ፥ ማስተማርና በዚያው ማረፍ ነበረበት።

ለ. ደሴቱና ዳርቻው

«መነኮሳት ወደ ደሴት የገቡት ከሰው ለመሸሽ ከሆነ፥ እንዴት ሰባክያን ይባላሉ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው ደሴቱና ዳርቻው በነበራቸው ግንኙነት ነው።

በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1314–1344) አባ ዘዮሐንስ ከሸዋ ተነሥተው ወደ ጣና መጡ፤ ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው በክብራን ደሴትም ገዳማቸውን መሠረቱ። በዚያን ጊዜ የጣና ደቡባዊ ዳርቻና የጎጃም ምድር ሕዝብ አብዛኛው ገና ክርስትናን አልተቀበለም ነበር። ደሴቱ ለመነኮሳቱ የጸሎት ቦታም መጠጊያም ሆናቸው፤ አገልግሎታቸው ግን በደሴቱ አላበቃም። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ወደ ዳርቻው ይሻገራሉ፤ ያስተምራሉ፤ የተማረውን ያጠምቃሉ፤ ከሕዝቡ ልጆች የወደደውንም ወደ ደሴቱ ወስደው ያስተምራሉ። ደሴቱ ልብ፥ ዳርቻው አካል ነበር ማለት ይቻላል። ልብ በተሰወረ ቦታ ይኖራል፤ ሥራው ግን እስከ ጣት ጫፍ ይደርሳል።

በዘጌ ልሳነ ምድር የሆነው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ዘጌ ደሴት አይደለችም፤ ሕዝብ ከነቤተሰቡ የሚኖርባት ምድር ናት። አቡነ በትረ ማርያም ወደዚያ በመጡ ጊዜ ለሕዝቡ የሰጡት ትምህርት ከአኗኗር ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነበር። በዘጌ ሰዎች ዘንድ እንደሚነገረው ጻድቁ መሬቱ በበሬ እንዳይታረስ ሥርዓት ሠርተው ለሕዝቡ መተዳደሪያ ቡና፥ ጌሾና ሎሚ እንዲበቅልላቸው ጸለዩ፤ ከበትራቸው ስባሪዎችም ሦስቱ ዕፅዋት በቀሉላቸው። ያ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠብቋል። ዛሬም ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው የሚያየው ጥቅጥቅ ያለ ደን የዚያ ሥርዓት ምስክር ነው። የዘጌ ሰው ቡናውንና እንጨቱን በታንኳ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ እያመላለሰ ኖሯል፤ በደኑ ውስጥም እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፥ አዝዋ ማርያምና ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ተጠብቀው ቆይተዋል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለሰባክያን ትልቅ ትምህርት አለ። አቡነ በትረ ማርያም የሕዝቡን ነፍስ ሲያስተምሩ «ይህ ሕዝብ ምን በልቶ ይኖራል?» ብለው ጠይቀዋል። የሰበኩት ስብከት በሰው ልብ ብቻ ሳይሆን በመሬቱም ላይ ተጽፎ ይነበባል። እኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያካሄድነው ጉባኤ ከሰባት ቀን በኋላ በዚያች መንደር ምን ምልክት እንደ ተወ ብንጠየቅ ምን እንመልሳለን?

ሐ. ሰንበት የትምህርት ቀን የሆነበት ዘመን

ሰንበት ትምህርት ቤት የሚለው ስያሜ የቅርብ ጊዜ ነው። ሰንበትን የትምህርት ቀን ማድረግ ግን በአገራችን ከ500 ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ታሪክ አለው።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በነገሡበት ዘመን ቤተ ክርስቲያን በስፋት ብዙ አድጋ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ከስፋቱ ጋር እኩል አልሄደም። ብዙ ሰው ተጠምቋል፤ የተጠመቀበትን ሃይማኖት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነበር፤ ከጥምቀት በኋላም ወደ ጥንቆላና ወደ ቀድሞው ባዕድ አምልኮ የሚመለስ ነበር። ንጉሡ ይህን ጉድለት በግልጽ ተመለከቱ። ስለዚህም ካህናት ቅዳሜና እሑድ በሁለቱ ሰንበታት እንዲሁም በበዓላት ሕዝቡን ሰብስበው ጸሎተ ሃይማኖትንና የሃይማኖትን መሠረት እንዲያስተምሩ አዘዙ። እያንዳንዱ ክርስቲያን የነፍስ አባት እንዲኖረው ደነገጉ። መጽሐፈ ብርሃንን የመሳሰሉት በስማቸው የሚታወቁ ድርሳናትም በእነዚህ ቀናት ለሕዝብ እንዲነበቡ የተዘጋጁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤም የሁለቱ ሰንበታት ክብር ጸና።

የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከባድ ነገሮችም የታዩበት ነው። የአዋጆቻቸው ቅጣት ብርቱ ነበር፤ ከደቂቀ እስጢፋኖስ ጋር የነበረው ግጭትም አሳዛኝ ታሪክ ጥሎ አልፏል። ይህን መሸሸግ ለታሪክ አይበጅም። ሆኖም ከዚያ ዘመን ልንይዘው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። የንጉሡ ትእዛዝ ታላላቅ አድባራትን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ በየገጠሩ ያለ ካህን፥ ምንም ያህል ጥቂት ሕዝብ ቢኖረው፥ በየሳምንቱ እንዲያስተምር የታዘዘ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ታላቅ ጉባኤ ይልቅ በየሰባት ቀኑ የሚነገር ጥቂት ቃል ሕዝብን እንደሚያንጽ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። በልምድም ብንመለከተው፥ ዝናብ ገበሬን የሚጠቅመው በወቅቱና በመጠኑ ሲመላለስ ነው፤ በአንድ ቀን ወርዶ የሚያልፈው ጎርፍ አፈሩን ይዞ ይሄዳል።

መ. ሰባት ጊዜ የተተከለች ማኅበር

እስካሁን የጠቀስናቸው ገዳም የመሠረቱ አባቶችና አዋጅ ያወጁ ንጉሥ ናቸው። ከዚህ በታች የምናነሣት ግን ሥልጣነ ክህነትም ሥልጣነ መንግሥትም ያልነበራት እናት ናት፤ ለእኔ የጣና ዳር አገልግሎት ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚያበራው በእርሷ ሕይወት ነው። እርሷም ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከባሕር ሰገድና ከክርስቶስ ዕበያ ተወለደች፤ ወላጆቿ ከመኳንንት ወገን ነበሩ። የዐፄ ሱስንዮስ አማካሪ ለነበረው ለመልክዐ ክርስቶስ ተድራ ሦስት ልጆች ወልዳ ነበር፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ዐረፉ። በዚያን ጊዜ ንጉሡ ከኢየሱሳውያን ካህናት ጋር ተወዳጅተው የሮማን ሃይማኖት ወደ መቀበል አዘነበሉ። ይህን የተቃወሙት ጳጳስ አቡነ ስምዖን እ.ኤ.አ. በ1617 በተደረገው ጦርነት ተገደሉ። ባሏ የተገደሉትን ጳጳስ ልብስ መውሰዱን ባወቀች ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ ከእርሱ ጋር መኖርን እንቢ አለች፤ ቤቷንና ክብሯን ትታ ወደ ምንኵስና ሄደች። ገድሏ እንደሚነግረን በሎሌና በገረድ ስትገለገል ያደገችው እመቤት በምንኵስናዋ መጀመሪያ እህል ስትፈጭ፥ ውኃ ስትቀዳ፥ እንደ አገልጋይ ስትደክም ታየች። ሰውን ለማስተማር የበቃችው በቅድሚያ ሰውን በማገልገል ነው።

ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በይፋ ባወጁ ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ ሕዝቡ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና፥ ካህናቱም ሃይማኖቱን የለወጠውን ንጉሥ ስም በቅዳሴ እንዳይጠሩ ታስተምር ነበር። ስለዚህም ተከሰሰች፤ በንጉሡ ሸንጎም ቆመች። የሮማው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሊያሳምናት ሞከረ፤ አልተሳካለትም። በመጨረሻም በምዕራብ በኩል ዠበይ ወደሚባል ቆላ ለሦስት ዓመታት ተጋዘች።

ልብ አድርጉ፤ የመጀመሪያ ማኅበሯ የተጀመረው በዚህ ግዞት ነው። ያጋዟት ሰዎች ብቻዋን ሊያስቀሯት አስበው ነበር፤ ነገር ግን በሃይማኖታቸው ምክንያት የተሰደዱ ወንዶችና ሴቶች ወዳለችበት ተሰበሰቡ። ከግዞት ከተመለሰች በኋላ ማኅበሩ በጣና ዙሪያ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ እንደገና ተተከለ። ሊቃውንት ሰባት አድርገው የሚቆጥሯቸው የማኅበሯ ቦታዎች ዠበይ፥ ጫንቋ፥ ምጽሌ፥ ዘጌ፥ ደምቦዛ፥ አፈር ፈረስና ዛምቦል ናቸው። የተዛወሩበት ምክንያት አንድ ጊዜ ስደት፥ ሌላ ጊዜም ተላላፊ በሽታ ነበር። በበሽታው ብዙዎች ሞቱ፤ የቀሩት ተበተኑ፤ ደግሞም ተሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ሲለቁ የስደቱ ምክንያት ቀረ፤ የቅድስቲቱ ሥራ ግን አልተቋረጠም። ንብረታቸውን በጋራ ይዘው፥ እንደ ሐዋርያት ዘመን ምእመናን «የእኔ» መባባልን ትተው (ሐዋ. 4፥32) የሚኖሩትን ማኅበራት እያጸናች ኖረች። አጠገቧ የማትለየዋ መንፈሳዊት ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ነበረች።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ50 ዓመቷ ኅዳር 17 ቀን (እ.ኤ.አ. 1642) ዐረፈች፤ በሬማ ደሴትም ተቀበረች። ከዕረፍቷ በኋላ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በቋራጣ በስሟ የሚጠራ ገዳም ተመሠረተ፤ ቦታውም ለብዙ ዘመን የተበደለ ሰው የሚጠጋበት ደብር ሆኖ ኖረ። ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1672 ገደማ፥ ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ የሚያውቋትን ሰዎች ምስክርነት ሰብስቦ ገድሏን ጻፈ። ለዚህም ነው የሕይወቷን ዝርዝር ዛሬ ልናነብ የቻልነው።

ስለዚህች እናት ሳስብ የሚደንቀኝ ሕንፃ አለመተዋ ነው። በሕይወቷ ሳለች የመሠረተቻቸው ማኅበራት ከሣር ጎጆ የማይበልጥ መጠለያ የነበራቸው፥ ዛሬ ተተክለው ነገ የሚነቀሉ ነበሩ። የማይነቀለው በሰዎቹ መካከል የነበረው አንድነት ነበር። በሽታ መጥቶ ግማሹን ሲወስድ የቀረው ግማሽ «ጥቂቶች ሆንን፤ እንበተን» አላለም። እርሷም ቁጥራቸው ሲያንስ ማስተማሯን አላቋረጠችም።

ሠ. ከተማው ሲያድግ፥ ዳርቻው ሲመናመን

ባሕር ዳር ራሷ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች መንደር ነበረች፤ በቀድሞው ዘመን «ባሕር ጊዮርጊስ» ትባል የነበረውም ስለዚህ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፥ ቀጥሎም የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ሲከፈቱ ከጣና ዳርና ከጎጃም ገጠር የመጣ ወጣት ከተማዋን ሞላት። ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድ ብዙ ነው፤ እኛም የእነዚያ ልጆች ነን።

ቤተ ክርስቲያንም ለዚህ ለውጥ መልስ ሰጥታለች። በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና የወጣው ቃለ ዓዋዲ ምእመናን በሰበካ ጉባኤ ተደራጅተው አጥቢያቸውን እንዲረዱ፥ ወጣቶችም በሰንበት ትምህርት ቤት እንዲታቀፉ መንገድ ከፈተ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመጣው የደርግ ዘመን ሃይማኖት እንደ ኋላ ቀርነት በተቆጠረበት ወቅት፥ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ለብዙ ወጣቶች መጠለያ ሆነው ትውልድ አሻግረዋል። በዚህ ልንኮራ ይገባናል።

ነገር ግን ለከተማው በረከት የሆነው ፍልሰት ለገጠሩ ጉድለት ሆኗል። ዱሮ የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በየደጁ በእመቤታችን ስም እየለመነ በገጠር ደብር ይማር ነበር፤ ያ ተማሪም ለዚያች ደብር ዲያቆን ነበር። ንባብ ቤትና ዜማ ቤት ባለበት ደብር አምስተኛ ልዑክ አይጎድልም። የኔታ ሲያረጁ ተተኪ ከታጣ ግን ጉባኤው ይታጠፋል፤ ጉባኤው ሲታጠፍ ዲያቆን ይጠፋል፤ ዲያቆን ሲጠፋ ቅዳሴ ይታጎላል፤ ቅዳሴ ሲታጎል ደግሞ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ደጁን ይረሳል። አንዲት ቤተ ክርስቲያን የምትዘጋው በአንድ ቀን አይደለም፤ እንዲህ በተራ ነው። ባለፈው ያየኋት ደብር ከዚህ ሰንሰለት ሦስተኛው ቀለበት ላይ ደርሳለች ብል ማጋነን አይሆንም።

ረ. ታሪኩ ምን ይጠይቀናል?

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የጣና አባቶችና እናቶች በጥቂት ሰው ብዙ የሠሩት በምን ነበር? ከታሪኩ ሦስት ነገር እናገኛለን።

አንደኛ፥ ቆይተዋል። ስማቸው ከቦታቸው ጋር እስኪተሳሰር ድረስ ኖረዋል። እኛ በዓመት ሃያ አጥቢያ ጎብኝተን ሃያ የፎቶ መድበል ከምንይዝ አንዲት አጥቢያ መርጠን ሃያ እሑድ ብንመላለስ የአባቶቻችንን መንገድ የበለጠ እንመስላለን። ልጆቿን በስማቸው ስናውቅ፥ የታመመውን ስንጠይቅ፥ ሐዘንተኛውን ስናጽናና በእውነት መጥተናል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ፥ ተተኪ አፍርተዋል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ያሳደጉት ደቀ መዝሙር ሌላ ገዳም መሠረተ። ለአንድ የገጠር የኔታ የወር ቀለብ መስጠት፥ ለሁለት የአብነት ተማሪዎች ልብስና መጽሐፍ መግዛት ለአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ከባድ አይደለም፤ ወጪው ከአንድ ቀን ጉባኤ የመኪና ኪራይና የድምፅ ማጉያ ዋጋ ብዙ አይበልጥም። ከዚህ የሚገኘው ዲያቆን ግን ለዘመናት የሚያገለግል ነው።

ሦስተኛ፥ ትንሽነትን አልናቁም። ጌታችን ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በስሙ በሚሰበሰቡበት በዚያ እንደሚገኝ ተስፋ ሰጥቷል (ማቴ. 18፥20)። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በግዞት ቆላ የጀመረችው ማኅበር ይህን ተስፋ የያዘ ነበር። ትንሽ አጥቢያ የምታገለግሉ ወጣት ካህናትና ዲያቆናት ሆይ፥ የሕዝባችሁ ቁጥር ማነስ አያሳፍራችሁ። ልናፍር የሚገባን የማናስተምርበት ሰንበት ሲያልፍ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን እንናዘዝ። የገጠር አገልግሎት ስንወጣ ሰጪዎች፥ እነርሱ ተቀባዮች እንደ ሆኑ አድርገን የምናስብበት ጊዜ አለ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዚያች ደብር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው ሰዓታት የሚቆሙ፥ ድርሻቸውን ሳያጓድሉ ዳዊት የሚደግሙ፥ ጾማቸውን በእህል እጥረት መካከል እንኳ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እኛ የተደራጀ ትምህርት ይዘን እንሄዳለን፤ ከእነርሱ ደግሞ የተኖረ ትምህርት እንቀበላለን። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ደሴቱና ዳርቻው የሚገናኙት።

መደምደሚያ

ከዚያ እሑድ በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ስብሰባ ተቀመጠ። ብዙ ሐሳብ ቀረበ፤ ጥቂት ክርክርም ነበረ። «ሌሎች አጥቢያዎች ቅር ይላቸዋል» ያሉ ነበሩ። «ዲያቆናቶቻችን ከሄዱ በከተማ ያለው መርሐ ግብር ይጎዳል» ያሉም ነበሩ፤ ይህም እውነትነት ያለው ስጋት ነው። በመጨረሻ የተስማማነው ትንሽ ነገር ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዲያቆን ቅዳሜ ማታ ወደዚያች ደብር ወርዶ ያድራል፤ ሌሊት ከካህናቱ ጋር ይቆማል፤ ከቅዳሴ በኋላ ለሕፃናቱ አንድ ሰዓት ያስተምራል፤ ከዚያም ይመለሳል። ለየኔታም የወር ቀለባቸውን በየወሩ ከምናዋጣው ለመሸፈን ተነሣን።

በየሁለት ሳምንቱ ማለት ግማሹ እሑድ አሁንም ይጎድላል ማለት ነው። ስለዚህ ድል አድርገናል ብዬ አልጽፍም። ባለፈው ስወርድ ግን የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር ባለች ዛፍ ጥላ ተቀምጠው ለሁለት ሕፃናት ፊደል ሲያስቆጥሩ አገኘኋቸው። አንደኛው ልጅ ከተማ የገባው የዚያ ዲያቆን ታናሽ ወንድም ነው። የኔታ ቀና ብለው አዩኝና፥ «ዛሬ ጧት መጣህ» አሉኝ። ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ከሰው አልጠብቅም።

ይህን የምታነቡ ወጣቶች፥ በየአጥቢያችሁ ዙሪያ አምስተኛውን ልዑክ የምትጠብቅ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አትጠፋም። እርሷን ፈልጉ፤ ባገኛችኋት ጊዜም ወደ ሌላ አትቸኩሉ። በጣና ዳር በትንሽ ማኅበር ታላቅ ሥራ የሠራ አምላክ እኛንም ለአገልግሎት ያብቃን፤ የሰባቱ ከዋክብትና የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ጸሎትና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።